ኮረምን ለዓለም ያሳየው መሐመድ አሚን እና የአርካዊቷ ፎቶዬ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ገባ። ላኪው ውጭ አገር የፎቶ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ካርቱም፣ አርካዊት ውስጥ ያነሳኋትን አንዲት ፎቶ ፌስቡክ ላይ አይቶ በትልቁ አሳትሞ ሊሰቅላት እንደሚፈልግ ጻፈልኝ። እከፍላለሁ ያለው ገንዘብ እዚህ ካምፕ ውስጥ ለእኔና ለእናቴ የብዙ ወር ወጪ ይሸፍናል። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶዋ ሥር የቦታም ሆነ የሰው ስም እንዳይጻፍ። ፍርስራሹ የየትም አገር እንዲመስል፣ ተመልካቹ ውበቱን ብቻ እንዲያይ ነው ሐሳቡ።

ፎቶዋ ምን እንደምትመስል ልንገራችሁ። የአንድ ክፍል ግድግዳ በከባድ መሣሪያ ተበስቷል። በቀዳዳው የጠዋት ፀሐይ ገብታ ወለሉ ላይ ያለች የተሰበረች ጀበና ላይ አርፋለች። ከኋላ ሚስማር ላይ የተሰቀለ የሐበሻ ቀሚስ አለ። አቧራ ከመልበሱ በቀር ምንም አልሆነም። ምን ልበላችሁ፣ ፎቶዋ ታምራለች። ጦርነቱ ሳይመጣ አርካዊት ውስጥ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሠርግና ልደት ሳነሳ ስለኖርኩ ጥሩ ፎቶ ሳይ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ለሰውዬው ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ሳመነታ የሰነበትኩት ደግሞ ስለ አንድ ከሞተ ወደ ሠላሳ ዓመት ስለሚጠጋው ሰው እያሰብኩ ነው። ዛሬ የእሱን ሕይወት ላጫውታችሁ።

መሐመድ አሚን ይባላል። ጓደኞቹ ሞ ነበር የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ተወለደ። ቤተሰቦቹ ከፑንጃብ የመጡ ሙስሊሞች ሲሆኑ አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ያደገው ዳሬሰላም ነው። ገና ተማሪ ሳለ አንዲት ያገለገለች ካሜራ ገዝቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። በ1963፣ ሃያ ዓመት ሲሆነው፣ እዚያው ዳሬሰላም ካሜራፒክስ የሚባል የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

በዓመቱ ዛንዚባር ላይ አብዮት ፈነዳ፣ ሞም ካሜራውን ይዞ ሄደ። በ1966 እዚያው ዛንዚባር ተይዞ ታሰረ። ወደ አንድ ወር ገደማ በእስር ቤት ተደብድቦና ተሠቃይቶ ወጣ፤ ከዚያም ካደገበት ከታንዛኒያ ተባረረ። ናይሮቢ ላይ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። እኛ ስደተኞች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ነጋሪ አያስፈልገንም።

በሐምሌ 1969 የኬንያው ፖለቲከኛ ቶም ምቦያ ናይሮቢ መሐል ከተማ ላይ በጥይት ተመታ። ሞ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ። ሰውየውን ለማትረፍ የተደረገውን የመጨረሻ ጥረት በካሜራው ያዘ። ያ ሥራው ስም አተረፈለት። ጥያቄውም ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮት ኖረ ማለት ይቻላል። ሰው እየሞተ ካሜራ መደገን ምን ዓይነት ሥራ ነው? የሞ መልስ በአኗኗሩ የታየ ነው። ካሜራውን አስቀምጦ ከንፈር ከሚመጥ ይልቅ የሆነውን ቀርጾ ለሌላው ማሳየት ይሻላል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ደግሞም የመከራ ፎቶ ብቻ አልነበረም ሥራው። ስለ መካ ጉዞ፣ ስለ ኬንያ፣ በኋላም ስለ ኢትዮጵያ በቀለም ያሸበረቁ ትልልቅ የፎቶ መጻሕፍት አሳትሟል። ውበት እንዴት እንደሚያዝ ጠንቅቆ ያውቃል።

አሁን ወደ ሰባ ሰባት እንምጣ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የወሎ ረሃብ በካሜራ ሲታይ የሰባ ሰባቱ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም አሳይቶ ነበር። በዓመቱ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። እርዳታ እንዲመጣ የተቀረጸ ምስል ሥልጣን ማውረጃ ሆነ። ምስሉ ውሸት አልነበረም፤ ግን ቀጣጥሎ ያሳየው ሰው የራሱን ነገር ተናገረበት።

አሥር ዓመት አለፈና ያው ደርግ በተራው የራሱን ረሃብ ደበቀ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት፣ በትግራይና በወሎ ሰው በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። ለውጭ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን የመሄጃ ፈቃድ በቀላሉ አይገኝም። ሞ ግን ደጅ ጠንቶና ተከራክሮ ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ፈቃድ አገኘ። በጥቅምት ወር መቐለና ኮረም ገቡ።

ኮረም ላይ የቀረጸው ሌሊቱ ሲነጋ ነው። የደጋው ብርድ ገና አልለቀቀም፤ ጭጋግና ጭስ ሜዳው ላይ ተኝቷል። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጋቢና ቡትቶ ተከናንቦ መሬት ላይ ተቀምጧል። ካሜራው አይቸኩልም፣ አይንቀጠቀጥም፣ ቀስ ብሎ ከፊት ወደ ፊት ያልፋል። በጨርቅ የተገነዙ ሬሳዎች ላይ ሲደርስም አይሸሽም። መቐለ ላይ ደግሞ አንዲት ነርስ ከሺህ ከሚበልጡ ሕፃናት መካከል ምግብ የሚደርሳቸውን ጥቂቶች ስትመርጥ ቀረጸ። ምግቡ ለሁሉም አይበቃም ነበርና።

ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ በቢቢሲ ታየ። ርዝመቱ ወደ ሰባት ደቂቃ ነው። ከዚያ በመላው ዓለም ከ400 የሚበልጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳዩት። ቦብ ጌልዶፍ ፊልሙን አይቶ ዘፋኞችን ሰበሰበ፤ በገና ሰሞን የባንድ ኤይድ ዘፈን ወጣ፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። መንግሥታትም እህልና አውሮፕላን ላኩ። በዚያ እህል የዳነ ሰው ብዙ ነው። አንዷ እናቴ ናት።

አዎ፣ እናቴ ኮረም ነበረች። ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከሷ ጋር ታናሽ ወንድሟ ነበር። እሷ ታማ መጠለያ ገብታ ስትወጣ ወንድሟን ካስቀመጠችበት አጣችው። እስከ ዛሬ ድረስ ሬሳውንም መቃብሩንም ያሳያት የለም።

በ2009 ዓ.ም. እኔ ጋ ካርቱም መጣች። አርካዊት መንገድ ዳር ቡና ታፈላ ጀመር። አንድ ማታ የሞ አሚንን ፊልም በስልኬ አሳየኋት። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሰችም። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ለዓይኗ አስጠጋችና በየመሐሉ እንዳቆምላት ጠየቀችኝ። ልጅ ፊት በመጣ ቁጥር ጣቷን መስታወቱ ላይ ታስቀምጣለች። ወንድሟን እየፈለገች እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፊልሙን አራት ጊዜ አየችው፤ አላገኘችውም። መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ይሄ ካሜራ የያዘ ሰው ከእነዚህ ልጆች የአንዳቸውን እንኳ ስም ጠይቆ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች።

በፊልሙ ውስጥ የሕፃናቱ ስም አይሰማም።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሞን ለመውቀስ አትቸኩል። እኔም አልቸኮልኩም። እናቴ ራሷ አልወቀሰችውም። ጥያቄው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። ያ ፊልም የዓለምን ልብ የሰበረው ተጠንቅቆና ተውቦ ስለተቀረጸ ነው። በንጋት ብርሃን፣ በረጋ እጅ። ያለዚያ ችሎታ እህሉ አይመጣም ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን በዚያው ችሎታ የኮረም ሰው በዓለም ዓይን ስም የለሽ ሆነ። ድርቁ ከሰማይ ብቻ የወረደ መሰለ፤ ጦርነቱ፣ የእርሻው ፖሊሲ፣ የተዘጋው መንገድ ከምስሉ ውጪ ቀሩ። ኢትዮጵያ በውጭ ሰው አፍ ለብዙ ዓመት ረሃብ ማለት ብቻ ሆና ቀረች። አንድ ምስል ሰው ሊያድንም፣ የዳነውን ሰው ሊያሳንሰውም ይችላል ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ ሰባስቲያኦ ሳልጋዶም ኮረም ካምፕ ገብቶ ነበር። የእሱ ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ብርሃኑ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመስላል። በኋላ በዓለም ትልልቅ አዳራሾች ተሰቀሉ። የሰው ሥቃይ ይህን ያህል ማማሩ ነውር ነው ብለው የወቀሱት ነበሩ። የቆመበትን ሰው ክብር ነው ያሳየው ብለው የተከላከሉለትም ነበሩ። ሳልጋዶ ያን ጊዜ የሠራው ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ነበርና ፎቶዎቹ ለእርዳታ ሥራ ውለዋል። እኔ የማየው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ፎቶው ማማሩ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ያማረው ፎቶ ወደ ማን እንደሚሄድና ለማን እንደሚመልስ ነው ነገሩ።

ወደ ሞ ልመለስ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ እሱም እዚያው ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ሰው ከፍንዳታው ሲሸሽ ሞና ጓዶቹ ለመቅረጽ ወደዚያው ሄዱ። ሁለተኛ ፍንዳታ አገኛቸው። የድምፅ ባለሙያው ኬንያዊው ጆን ማታይ ሞተ። ሞ ግራ እጁን አጣ። ያን ቀን የአደጋ ምስል አንሺው ራሱ የአደጋ ምስል ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን በቃኝ ይል ነበር። እሱ ግን አሜሪካ ሄዶ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጠመና በወራት ውስጥ ካሜራውን በዚያው እጅ ደግፎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኢትዮጵያም መመላለሱን አልተወም። ካሜራፒክስ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ሰላምታ የተባለች መጽሔት ያሳትም ነበር። ረሃቡን ያሳየ ሰው የላሊበላንና የሰሜን ተራሮችን ውበት ለመንገደኛ ያሳይ ጀመር። ዕዳ እየከፈለ ይመስለኛል፤ ይሄ የእኔ ግምት ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ለመመለስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ተሳፈረ። ሦስት ሰዎች አውሮፕላኑን ጠለፉት። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸውም አልሰሙም። ነዳጁ አልቆ አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ሞ አሚንና የሥራ ባልደረባው ብራያን ቴትሊ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ከተረፉት ሰዎች አንዳንዶቹ ሞ ከመቀመጫው ተነስቶ ጠላፊዎቹን ለማግባባት ሲሞክር እንደነበር ተናግረዋል። 53 ዓመቱ ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። አውሮፕላኑ ባሕሩ ላይ ሲሰበር ባሕር ዳር የነበረ ቱሪስት በቪዲዮ ቀረጸው። ቪዲዮው በዓለም ቴሌቪዥኖች ሁሉ ታየ፤ እስከ ዛሬም ይታያል። ክንፉ ውሃውን ሲነካና አካሉ ሲገለባበጥ እናያለን። ሰው አይታይም፣ ስም የለም። የሰውን የመጨረሻ ሰዓት ዕድሜውን ሙሉ ሲቀርጽ የኖረ ሰው የራሱ የመጨረሻ ሰዓት ከሩቅ ተቀረጸ። ናይሮቢ ላይ ደግሞ ሚስቱና ልጁ ነበሩ። እናቴ ኮረምን እንዳየችው እነሱም ያን ቪዲዮ የማየት ዕጣ ደረሳቸው። ልጁ ሳሊም ካሜራፒክስን ተረክቦ የአባቱን ሥራ ጠብቆ ይዟል። ስለ አባቱም ፊልም ሠርቷል።

እንግዲህ ወደ አርካዊቷ ፎቶ ልመለስ። እስካሁን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ።

ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቀዳም ስዑር ነበር፣ የፋሲካ ዋዜማ። ሙስሊሙም የረመዳን መጨረሻ ላይ ነበር። አርካዊት ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ ስለሆነች የመጀመሪያውን ተኩስ ገና ከጠዋቱ ሰማነው። የምንኖረው የአንዲት ሱዳናዊት እናት ሆሽ ውስጥ ነበር፤ ሁላችንም ሐጃ ነበር የምንላቸው። ከእኛ ክፍል ቀጥሎ አንዲት የአገራችን ልጅ ትኖር ነበር። እሷም እንደ እናቴ ቡና ታፈላለች። ከሳምንታት በኋላ እኔና እናቴ ውሃ ፍለጋ በወጣንበት ከባድ መሣሪያ ክፍሏ ላይ አረፈ። መቃብር ቦታ ድረስ መሄድ አይቻልም ነበር። ሐጃ ነጭ አንሶላቸውን ሰጡን፣ ሰፈር ውስጥ ባለ ሜዳ ቀበርናት።

ከአርካዊት የወጣን ዕለት ጠዋት ለቤተሰቧ የሚሆን ነገር ለመውሰድ ክፍሏ ገባሁ። መታወቂያዋን አገኘሁ። ክፍሉን እህቷ እንድታየው አንድ ፎቶ አነሳሁ። ጨለማ ነው፣ ጀበናዋ በሩ ጥግ ወድቃለች፣ ምንም አያምርም። ቀጥሎ ፀሐይዋ በቀዳዳው ገባች። የፎቶ ቤት ልማዴ ተነሳብኝ። ጀበናዋን አንስቼ ወደ ብርሃኑ አመጣኋትና ሁለተኛ አነሳሁ። ያ ሰው ሊገዛ የሚፈልጋት ይህችን ሁለተኛዋን ነው።

ሬሳ አላንቀሳቀስኩም፣ ሰው አልጎዳሁም፤ አንዲት ጀበና ነች ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። ግን የሞ አሚን ካሜራ ብዙ ነገር ሳይጠይቅ ቢያልፍም ኮረም ላይ የቀረጸው ያየውን ነው። የቀረጸውም እህሉ እንዲመጣ ነው። የእኔ ሁለተኛ ፎቶ እህል አታመጣም፣ የሚድን ሰው የለም። የምታመጣው ለእኔ ገንዘብ፣ ለሰውዬው ግድግዳ ነው። በዚያ ላይ የሟቿን ስም ልሰርዝበት ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ደግሞ የእኔ ባለመሆኑ የቤቱን ባለቤት እንድጠይቅ ብቻ ነገረችኝ። ጎንደር ላለችው እህቷ ሁለቱንም ፎቶ ልኬ ሁሉንም ነገር፣ ጀበናዋን ማንቀሳቀሴንም ጭምር ጻፍኩላት። መልሷ በሁለተኛው ቀን መጣ። ያማረችው ፎቶ እንዳትሰቀል ጠየቀችኝ። የጨለመችውን ግን አሳትማ ቤቷ እንደምታኖራት ነገረችኝ። እህቷ ጀበና ሁልጊዜ በሩ ጥግ እንደምታስቀምጥ፣ ልጅ ሆነውም እናታቸው በዚህ ትቆጣት እንደነበር ጻፈችልኝ። ያን ዝርዝር እኔ አላውቀውም ነበር፤ ለእኔ ያልተስተካከለ ፎቶ ነበር።

ለሰውዬው ያለቤተሰቧ ፈቃድና ያለስሟ እንደማይሆን ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰልኝም። ገንዘቡ አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው፤ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት በዱቤ ነው ያለው።

እናንተም እዚህም ሆነ ሌላ ካምፕ ያላችሁ ወገኖች፣ ካሜራ የያዘ ሰው ሲመጣ ማን እንደሆነ፣ ፎቶው የት እንደሚታይና ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ ጠይቁት። ፊቴ አይታይ ማለት፣ ስሜ ይጻፍ ማለት፣ ጭራሽ አልነሳም ማለትም ትችላላችሁ። ለምዝገባ የሚነሳው ፎቶ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ውጪ ፎቶ መነሳት የራሽን ክፍያ አይደለም። ከካርቱም የወጣችሁ ደግሞ ስልካችሁ ውስጥ የፈረሰ ቤት ፎቶ አይጠፋም። ከመለጠፋችሁ በፊት የቤቱ ሰው በሕይወት ካለ ፈልጉትና ጠይቁት። የምታውቁትን ስምና ሰፈርም ፎቶው ጀርባ ላይ ወይም ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። አንድ ቀን አንድ ሰው ጣቱን መስታወቱ ላይ አስቀምጦ የራሱን ሰው ይፈልግ ይሆናል።